ከአረንጓዴው ወዲያ ቀለም የለም

ስሜን አትጠይቁኝ። ሚዛንና የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ተሸክመው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ከሚዞሩት፣ የልጆችን ወገብ በሜትር ከሚለኩትና ደም ከሚቀዱት ወገን ነኝ፤ ይህ ይበቃል። የምነግራችሁ ሪፖርት ላይ የማይሰፍረውን፣ ከሥራ በኋላ አዲሱ ገበያ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ግን እርስ በርሳችን የምናወራውን ነው።

ከሜትሯ ልጀምር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ይዘዋት የሚዞሩትን፣ የሕፃን ክንድ የሚለካባትን ባለቀለም ሜትር ሳታውቋት አትቀሩም። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። ከ12.5 ካነሰ ቢጫ። ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፤ እናት ትደሰታለች፣ እኛም ቅጹ ላይ ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ልብ በሉ፣ አረንጓዴው ማለቂያ የለውም። ክንዱ 14 የሆነውም አረንጓዴ ነው፣ 20 የሆነውም አረንጓዴ ነው። ከአረንጓዴው ወዲያ ቀለም የለም። ሜትሯ ረሃብን እንድትይዝ ተሠርታለች፣ ረሃብን ትይዛለች፤ እሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ መላው ሙያችን፣ በጀቱም ቅጹም ጭምር፣ በሜትሯ ዓይን ማየት በመልመዱ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጉለሌ ውስጥ ፓስተር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ድሮ እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ በግቢው ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 (ዓ.ም. ካላልኩ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው፣ በ1995 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ የዚህ ቤት አካል ሆነ። ፋፋን የሰጠን እሱ ነው። ብዙዎቻችን ገንፎውን እየላስን ያደግንበት ያ ዱቄት የወጣው የከሳ ልጅ ነፍስ ይዝራ ተብሎ ነው፤ ሥራውም ገና አላለቀም። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 1 በመቶ ብቻ። ይህ ቁጥር በተነበበበት ስብሰባ ላይ ስለ ልጆች ውፍረት አፉን የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ገምቱ። «አንተ ደግሞ፣ የቅንጦት በሽታ አመጣህብን!» ይባላል። ተብሏልም።

የአገር አማካይ ግን ጉለሌን አይገልጽም። በዚያው ጥናት የአዲስ አበባ የመቀንጨር መጠን 15 በመቶ ነበር። በከተማዋ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። በከተማዋ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ደጋግመው አንድ ነገር ይላሉ፤ ውፍረቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ይልቅ በግል ትምህርት ቤት ይበዛል። በሰርቪስ ሚኒባስ ከበር ተነሥቶ በር የሚወርድ፣ ግቢ በሌለው በተከራየ ፎቅ ላይ የሚማር፣ በእረፍት ሰዓት ችብስና ለስላሳ የሚገዛ ልጅ ሲወፍር ማንም አይደነቅም። ቤተሰቡ ግን ደስ ብሎታል። «ሰውነት አወጣ» ማለት እኛ ዘንድ ምስጋና ነው። ክሳት በሽታ፣ ክሳት ችግር፣ በዚያ በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ደግሞ ክሳት ሐሜት ነበር። ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ የያዘች እናት ጎረቤት ፊት አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ይህን እናት ይዞ «የልጅሽ ወገብ ሰፍቷል» ማለት ቀላል አይምሰላችሁ።

የልኬት ቀን ምን እንደሚመስል ደግሞ እዩት። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ከዩኒፎርሙ ሥር ሁለት ሹራብ ደርበዋል። መመሪያው «በቀላል ልብስ ይመዘኑ» ይላል። ሹራቡን አውልቁ ስትሏቸው ግማሾቹ እምቢ ይላሉ፤ የውስጥ ካናቴራው የተቀደደ ነዋ። ስለዚህ ሚዛኑ ልጁን ከነሹራቡ ይመዝነዋል። የቁመት ሰሌዳውን ተንሸራታች እንጨት አናት ላይ ስታወርዱት የሴቶቹን ሹሩባ ይነካል። ተጭናችሁ ካላወረዳችሁት ሁለት ሴንቲ ሜትር ትጨምራለች፤ ከተጫናችሁት ትጮኻለች፤ ፍቺው ካላችኋት እናቷ የከፈለችበትን ሹሩባ የሚመልስላት የለም። ወገብ ላይ ሜትር ሲያርፍ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይ ተኮርኩሮ ይስቃል፣ ወይ ሆዱን ጎትቶ ትንፋሹን ይይዛል። አንድ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናትን ልጅ አልረሳትም። ሜትሩን ገና ሳወጣ ፊቷ እስኪቀላ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። «ልቀቂው፣ ተንፍሺ» ስላት በጆሮዬ «ጋሼ፣ ቁጥሩን እንዳይጠሩት» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ለካዩ ቁጥሩን ለጸሐፊው ጮክ ብሎ ሲጠራ ወረፋ ላይ ያለው ክፍል በሙሉ ይሰማል፤ «ጠብደል» የሚለው ስም በዚያው ቀን ይወጣል፣ እስከ ስምንተኛ ክፍልም አብሮ ይሄዳል። በእኛ ቡድን ቁጥር በጩኸት አይጠራም፤ በወረቀት ይታያል። ሌላው ቡድን ምን እንደሚያደርግ ብትጠይቁ አይከፋኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ቢኤምአይ ነው፤ ክብደት ለቁመት ስኩዌር ተካፍሎ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት የ2007 ሰንጠረዥ ጋር በዕድሜና በጾታ ተነጻጽሮ። ለብዙኃኑ ደህና ያገለግላል። ስብ ግን አያይም። ጡንቻ ያበጀ የሽሮ ሜዳ ኳስ ተጫዋችና ጠዋትም ማታም ሶፋ ላይ የሚውል ልጅ እኩል ቢኤምአይ ሊኖራቸው ይችላል። ስብን ከጡንቻ ለይቶ ማየት ከፈለግን ብዙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ጅማ ይበቃል። እዚያ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ከስድስት መቶ በላይ የሆኑ ሕፃናት በተወለዱ በቀናት ውስጥ፣ በአየር ግፊት የሰውነትን ይዘት በሚለካ ሳጥን ውስጥ ገብተው ተለክተዋል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገንና ከለንደን ሰዎች ጋር የሚከታተለው ጥናት ነው። ከውጤቶቹ አንዱን ለእናቶች ብነግር ደስ ይለኛል። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው የተሻለ የአእምሮና የክህሎት እድገት ያሳዩት ሲወለዱ ስብ ያልሆነው ክፍላቸው፣ ማለትም ጡንቻና የውስጥ አካል፣ የበለጠ የነበራቸው ናቸው። ሲወለዱ የነበራቸው ስብ ከዚህ ጋር ግንኙነት አልታየበትም።

አሁን ወደ ደሙ እንግባ፤ ሹክሹክታው እዚህ ላይ ነው የሚወፍረው።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ አይደለም። በተለይ ሆድ ውስጥ፣ አንጀትና ጉበት ዙሪያ ሲከማች ሥራ ይጀምራል። ሴሎቹ ከመጠን በላይ ሲሞሉ የሰውነት ዘበኛ ሴሎች ወደ ውስጡ ይገባሉ፤ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ መልእክተኞች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ቲኤንኤፍ ከስብ እንደሚወጣ በእንስሳት ላይ የታወቀው በ1993 ነው፤ ከዚያ በፊት ስብን እንደ መጋዘን የሚያየው ሰው ብዙ ነበር። ጉበት መልእክቱን ሲሰማ ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ሲአርፒ ራሱ በ1930 ኒው ዮርክ ውስጥ የተገኘው በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ውስጥ ነው፤ ጠላት ሲገባ የሚደወል ደወል መሆኑ ያኔ ታወቀ። ከባድ ኢንፌክሽን ያለበት ልጅ ሲአርፒው በአንድ ሊትር ከመቶ ሚሊ ግራም በላይ ሊወጣ ይችላል። በስብ ምክንያት የሚመጣው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ግን ዝቅተኛ ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ትኩሳት የለውም፣ ሕመም የለውም። አመድ የለበሰ ረመጥ ነው፤ ዓመታት ይቆያል፣ የደም ሥርና የስኳር ነገር ላይ ይሠራል። በአሜሪካ ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ከ3,500 በላይ ልጆችን የያዘ፣ በ2001 የታተመ ጥናት የወፈሩት ሲአርፒያቸው ከፍ ብሎ የመገኘት ዕድሉ ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ አዋቂ እስኪሆኑ የሚጠብቅ አይደለም።

አንድ የምሥጢር ነገር። ክሊኒክ ሄዳችሁ ልጃችሁ ሲአርፒ ቢታዘዝለትና «ኔጋቲቭ» ተብሎ ቢመጣ፣ ያ ውጤት ስለዚህ ረመጥ ምንም አልነገራችሁም። በብዙ ላቦራቶሪ ያለው ቀላሉ ምርመራ፣ ጠብታው ላይ ሲቋጠር ወይም ሳይቋጠር የሚነበበው፣ የሚይዘው ስድስት ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ «ኔጋቲቭ» ነው። ዝቅተኛውን የሚያየው ሌላ፣ ረቂቁ ምርመራ ነው። አሁን ተነሥታችሁ እሱን ፍለጋ እንዳትሄዱ ደግሞ! ለአንድ ልጅ የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ ትርጉም የለውም፤ ጉንፋን ብቻ ያዛባዋል። ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ይኸው ጉንፋን ነው ራስ ምታታችን። በጉለሌ የልጅ ደም ውስጥ ብግነት ብታገኙ ስብ ነው ብላችሁ መደምደም አትችሉም። ቶንሲል አለ፣ የጥርስ መበስበስ አለ፣ ተቅማጥ አለ። ጭስም አለ፤ ቤት ውስጥ ከሰልና እንጨት፣ መንገድ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል የሚወርደው ናፍጣ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ሲአርፒው ከ10 በላይ የሆነውን ልጅ ከስሌት የሚያስወጡት፤ በዚያ ሰሞን ታሞ ነበር ብለው። ስቶክሆልም ውስጥ እንዲህ ሲደረግ የሚወጣው ጥቂት ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ስንቱ እንደሚወጣ አስቡት። የቀሩት ደግሞ ድሎት ያላቸው፣ ንጹሕ ውኃ የሚጠጡት ሊሆኑ ይችላሉ። በሪፖርቱ ላይ ግን «ከትንተናው ተቀንሰዋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትሰፍራለች።

መቀነስ ካልን ትልቁን እነሆ። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ልጆች የብግነት መጠን ተለክቶ የማያውቅ ይመስለዋል። ተለክቷል። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ የአገር አቀፉን የማይክሮ ኒውትሪየንት ጥናት ሲሠራ፣ ውጤቱ በ2016 የወጣውን ማለቴ ነው፣ ሲአርፒ ከብረትና ከቫይታሚን ኤ ጎን ተለክቷል። ለምን? ሰውነት ሲቆጣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው በደም ውስጥ ያለው ፌሪቲን ያለ አግባብ ከፍ ይላል፣ የቫይታሚን ኤ መጠን ደግሞ ዝቅ ይላል፤ የብረት እጥረት ያለበት ልጅ የሌለበት ይመስላል። ስለዚህ ብግነቱ ተለክቶ ከስሌቱ ይታረማል። ሳይንሱ ትክክል ነው፣ የዓለም ልማድም ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የልጆቻችን ብግነት እንደ አንድ ነገር ቆሞ ሲታይ አላየሁም፤ የሌላውን ቁጥር እንዳያበላሽ ተጣርቶ የሚወጣ ገለባ ሆኖ ነው የኖረው። ከወገብ ዙሪያ ጋር፣ ከአካል ብቃት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የብዙ ብር ሥራ አይደለም። የወገብ ሜትር ከአንድ ስኒ ቡና ብዙ አይበልጥም። ግን በጀት የሚጠየቀው በጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ከአረንጓዴው ወዲህ ያለውን ብቻ ይመለከታል። በ2015 ይኸው ተቋም የሠራው ትልቁ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናትም ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ነው ያየው። ከአምስት ዓመት በታች በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይታያል፤ ከ15 በላይ በዚህ ይታያል። መሐል ያለው፣ ደብተር ተሸክሞ የሚሄደው ልጅ፣ ከሁለቱ ወንበሮች መሐል ወድቋል።

ደም መቅዳቱም የራሱ ታሪክ አለው። የስምምነት ቅጹ ወደ ቤት ይላካል፤ ከግማሽ በታች ተፈርሞ የሚመለስበት ክፍል አለ። ወላጅ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ደሙን የት ልትወስዱት ነው?» ይላል። አንዲት እናት «እናንተ ትቀዳላችሁ፣ ውጤቱን ፈረንጅ ያያል፤ ለእኔ ማን ይነግረኛል?» ብላ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችን። ከቡድኑ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ፈረመች፤ ግን ጥያቄዋን ቅጹ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ነው የፈረመችው። የስኳርና የቅባት ምርመራ አብሮ ካለ ልጁ ቁርስ ሳይበላ ይመጣል፤ ስለዚህ ብስኩትና ሙዝ ይዘን እንሄዳለን። ከወረፋው መጨረሻ ያለው ልጅ የሚያዞረው መርፌውን ፈርቶ ሳይሆን ርቦት ነው።

ወደ ብቃቱ ልለፍ፤ ለእኔ የነገሩ ልብ እሱ ነውና።

የልጆችን የአካል ብቃት ለመለካት ዓለም የሚጠቀምበት አንድ ሩጫ አለ። ካናዳዊው ሉክ ሌዠ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞንትሪያል ውስጥ ያወጣው ነው። ሃያ ሜትር ሂድ፣ ሃያ ሜትር ተመለስ፣ ድምፁ «ቢፕ» ሳይል መስመሩ ላይ ድረስ። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። መድረስ ያቃተው ይወጣል። ርካሽ ነው፤ ስፒከርና ኖራ ይበቃዋል። ጉለሌ ውስጥ ግን አንድ እንቅፋት አለው፤ ሃያ ሜትር። ቀጥ ያለ፣ ሜዳማ፣ ድንጋይ የሌለበት ሃያ ሜትር ያለው ትምህርት ቤት ፈልጉልኝ! የእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ግቢው ወይ ዳገት ነው ወይ ደረጃ። አንድ ወገን ቁልቁል ሌላው ሽቅብ የሆነ መስመር ላይ የሮጠ ልጅ ውጤቱ ምን እንደሚባል እንጃ። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። የሞንትሪያል ልጅ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ሮጦ የወጣውን ሰንጠረዥ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ለሚኖር የቁስቋም ልጅ ማነጻጸሪያ አድርገን ስንጠቀም፣ ኦክስጅኑ የሳሳ መሆኑን ሰንጠረዡ አያውቅም። የራሳችን ሰንጠረዥ እስኪኖረን ልጆቻችንን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሩጫው ላይ ዓይኔ ያየውን ልንገራችሁ። ሁሉም «ይህች መጀመሪያ ትወጣለች» ያላት ወፍራም ልጅ፣ ገበያ ለእናቷ ዕቃ እያመላለሰች ዳገቱን በቀን ስንት ጊዜ የምትወጣው፣ ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች። ቀድሞ የሚወጣው አንዳንዴ ቀጫጫው ልጅ ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከትምህርት በኋላ ከአባቱ ጋር ሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ የሚቀመጥ ልጅ እጁ ፈጣን ነው፤ ለሩጫ የሚሆን ትንፋሽ ግን ከየት ያምጣ? ቢኤምአይው «ጤናማ» ይላል፣ ሜትሯም አረንጓዴ ነች። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ይህ የእኔ ዓይን ብቻ አይደለም። ያቺው ስዊድን፣ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍላችንን ያቋቋመችልን፣ በራሷ ልጆች ላይ የሠራችውን ተመልከቱ። በአውሮፓ የወጣቶች ልብ ጥናት ውስጥ ዘጠኝና አሥር ዓመት የሆኑ 142 የስዊድን ልጆች ደም ታይቶ ውጤቱ በ2007 ወጣ። ስባቸው የበዛው ብግነታቸው ከፍ ብሏል፤ የአካል ብቃታቸው የተሻለው ዝቅ ብሏል። አስገራሚው ቀጥሎ ያለው ነው። በመሣሪያ የተለካው የዕለት እንቅስቃሴ ከብግነቱ ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ የታየው ከብቃቱ ጋር ነው። ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻውን አልበቃም እንበል፤ ብቃት ያዳበረ ሰውነት ነው ልዩነት ያሳየው። እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። በብዙ ጥናት ስብ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ የብቃት ድርሻ ይቀንሳል፤ የሚሮጥ ልጅ ስቡ ራሱ አነስተኛ ነውና አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ጡንቻ ግን የራሱ መንገድ አለው። ከ2000 ወዲህ የዴንማርኳ ቤንተ ፔደርሰንና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ የሚሠራ ጡንቻም ኢንተርሉኪን 6 ይለቃል፤ ያው ከስብ የሚወጣው መልእክተኛ። ከሩጫ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሲወጣ ግን ብግነትን የሚያበርዱ ሌሎችን ይጠራል። ከስብ ሌት ተቀን ሲንጠባጠብ ነው ነገሩን የሚያከፋው።

እንግዲህ ጉለሌ ላይ ቁጭ ብለን የሚያሳፍረው ይህ ነው። ከጀርባችን እንጦጦ አለ። ዓለም የሚያውቃቸው ሯጮቻችን ንጋት ላይ የሚወጡት እሱን ነው። ልጁ ደግሞ ከግርጌው በሰርቪስ ታሽጎ ያልፋል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ተከፍቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሰኞና የረቡዕን ትምህርት ቤት አይተካም። ሰኞና ረቡዕ ያለው «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚባለው ክፍለ ጊዜ ነው። ምን እንደሚደረግበት ልንገራችሁ? ፈተና ሲቃረብ የሒሳብ መምህሩ ይበደረዋል። የተበደረው ክፍለ ጊዜ ተመልሶ አይከፈልም። ዝናብ ሲጥል ክፍል ውስጥ ኖት ይጻፍበታል። አንድ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት ለመለካት ሄደን «ዛሬ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፣ ልጆቹን ማግኘት ቀላል ነው» ተባልን፤ ገብተን ስናይ ልጆቹ የመቶ ሜትር ሩጫ ሕጎችን ከሰሌዳ እየገለበጡ ነበር። መምህሩን አትቆጡት። ለስምንት ክፍል አንድ ኳስ ነው ያለው፤ እሱም ነፍሱ ከወጣ ቆይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ በቀን በአማካይ ስልሳ ደቂቃ ደህና እንቅስቃሴ ይላል። በ2022 የወጣው የራሳችን የአመጋገብ መመሪያም እንቅስቃሴን ከምግቡ ጋር አያይዞታል፤ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ይቀነስ ይላል። መመሪያው የወጣው ከጤና ሚኒስቴርና ከዚያው ከፓስተሩ ግቢ ነው። ግቢውን ያጠረው አጥር ሥር፣ የትምህርት ቤት በር ላይ፣ ቦምቦሊኖና ባለቀለም ጁስ ይሸጣል። በጾም ወራት ደግሞ ይብሳል፤ ዕንቁላሉና ወተቱ ሲቀር የሚተካው ባቄላና ምስር ቢሆን ምን ነበረ፤ በዘይት የተጠበሰ ዱቄት ነው። የከተማው የተማሪዎች ምገባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ልጅ ደረቅ ሆድ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። የሚበላውን ካስተካከልን ግን የሚሮጥበትንም እናስብለት።

ፓስተር ግቢ ላላችሁ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። የሚቀጥለው ጥናት ፕሮቶኮል ሲጻፍ ከ5 እስከ 14 ያሉትን አስገቡ፤ ሲአርፒውን ለማረሚያ ከለካችሁት አይቀር፣ ከወገብ ዙሪያና ከሃያ ሜትሩ ሩጫ ጎን አስቀምጡት። ከሩጫው በፊት «ልብ ሕመም አለህ ወይ? ከቶንሲል በኋላ መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሩማቲክ ልብ በሽታ ያለበት ልጅ መስመሩ ላይ መቆም የለበትም። ከ10 በላይ የሆኑትንም ስትቀንሱ ስንትና እነማን እንደሆኑ ጻፉ። ውጤቱም ቅጹ ጀርባ ላይ ጥያቄዋን ለጻፈችው እናት ይድረሳት።

ለእናንተ ለወላጆች ደግሞ፤ የልኬት ቀን ሲመጣ ልጃችሁ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ታሞ እንደነበር ወይም እንዳልነበር በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን፤ ከማንኛውም ማሽን ይበልጥ ይጠቅመናል። ቁጥሩ በጩኸት እንዳይጠራበትም አስጠንቅቁን። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ደግሞ፣ ስለ ክፍያ ጭማሪው ከመጨቃጨቃችሁ በፊት፣ ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ባለፈው ወር የልጆቻችን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ በሜዳ ላይ ተካሄደ? መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስይዙት።